ፏፏቴና የዱር እንስሳት በአንድ ቀን፦ ቀኑ እንዴት ይከፋፈል?

1. የአፋፍ መንገደኛ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ተደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ ብዙ ሳይለፋ በእግር ተጉዞ በአንድ ቀን ፏፏቴም የዱር እንስሳትም ማየት ይቻላል ወይ? ይቻላል። ጉዞው የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ነገር ነው። ሰው ፏፏቴውን ያስቀድምና እንስሳቱን «ስንመለስ እናያቸዋለን» ይላል። ፏፏቴው የትም አይሄድም። ድኩላው ግን ረፋዱ ላይ ጥላ ውስጥ ገብቶ ተኝቷል፤ ወፎቹም ዝም ብለዋል። ስለዚህ ማለዳውና አመሻሹ ለእንስሳቱ፣ ቀትሩ ለፏፏቴው ይሁን። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ለምሳሌ የሚሆን መንገድ ልውሰድ። ከመነሻው እስከ እንስሳት ማያው ቦታ 2 ኪሎ ሜትር ሜዳ ነው። ከዚያ እስከ ሸለቆው አፋፍ 2.5 ኪሎ ሜትር፣ ከአፋፉ እስከ ፏፏቴው ሥር ደግሞ 0.8 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት፤ ቁልቁለቱ 180 ሜትር ይወርዳል። ደርሶ መልሱ 10.6 ኪሎ ሜትር ይመጣል።

ልክ 12 ሰዓት ላይ ወገግ ሲል መነሳት። 12:40 ማያው ቦታ ደርሶ እስከ 2:30 ቁጭ ማለት። 3:30 አፋፉ ላይ፣ 4:10 ፏፏቴው ሥር። እስከ 6:00 እዚያ ቆይቶ ዳገቱን በአንድ ሰዓት መውጣት። ከ7:00 እስከ 8:30 አፋፉ ላይ ጥላ ፈልጎ ምሳና እረፍት፤ ይህን እረፍት አትዝለሉት፣ ከሰዓት በኋላ ዓይናችሁ ንቁ የሚሆነው በእሱ ነው። 9:30 እንደገና ማያው ቦታ፣ እስከ 11:00 መጠበቅ፣ 11:40 መነሻው ላይ። ከምድር ወገብ ራቅ ባለ አገር ፀሐይ የምትወጣበትና የምትጠልቅበት ሰዓት ከወቅት ወቅት በጣም ስለሚለያይ ሰዓቱን በዚያው ልክ አንሸራትቱት፤ ቅደም ተከተሉን ግን አትንኩት።

ያጎደልኩትን ሙሉበት።

2. ካርታ ያዥ

ቅደም ተከተሉ ላይ እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ስለ ዳገቱ ነው። ተራራ ስትወጣ ከባዱን በጠዋቱ ጉልበት ትጨርሰውና መመለሻው ቁልቁለት ይሆናል። የፏፏቴ መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መጀመሪያ ትወርዳለህ፣ ዳገቱ የሚጠብቅህ ደክመህ፣ ውሃህ ጎድሎ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ነው። ሲወርዱ «እንዴት ቀላል ነው» ያሉ ሰዎች ሲወጡ በየሃያ እርምጃው የሚቆሙት ለዚህ ነው። ሸለቆ ውስጥ ለመግባትና ለመውጣት ያለህን ጊዜ ለሦስት ክፈለው፦ አንዱ እጅ ለመውረጃ፣ ሁለቱ እጅ ለመውጫ። ውሃም እንደዚያው፤ ፏፏቴው ሥር ስትደርስ ከያዝከው ግማሹ ካልቀረህ ዳገቱን በጥም ነው የምትወጣው።

ጊዜ ለመገመት እስከ ዛሬ የሚያገለግለው እስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ኔይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት ነው። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። ባንተ መንገድ 2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ይሰጣል። ግን ይህ መንገድ ላመደው፣ ለማይቆም ሰው ነው። ልጅም አዋቂም ላለበት ቡድን በሰዓት 3 ኪሎ ሜትርና በሰዓት 300 ሜትር ዳገት ብለህ አስላ፤ 4 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ይመጣል። አንተ ለእግር መንገዱ በጠቅላላው 5 ሰዓት ሰጥተሃል፣ ጥሩ ነው፤ ጫማ ማሰሪያውም ፎቶውም እዚያ ውስጥ ይገባል።

የመመለሻ ሰዓት ደግሞ ሳትነሱ ቁረጡ። ለምሳሌ፦ «4:00 ሰዓት ላይ አፋፉ ካልደረስን አንወርድም፣ ከላይ አይተን እንመለሳለን»። ይህ ቤት ውስጥ ተጽፎ ካልመጣ አፋፉ ላይ ሆኖ የሚወስነው ሰው የለም። የውሃው ድምፅ ይጠራል።

ስልክ ላይ ካርታውን ኔትወርክ ሳለ አውርዱ። ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ ብታደርጉት ባትሪው ይቆያል። ሸለቆ ውስጥ ግን አትመኑት። የሳተላይቱ ምልክት በገደሉ ግድግዳ ስለሚጋረድና እየነጠረ ስለሚደርስ ቦታችሁን በብዙ ሜትር አዛብቶ፣ አንዳንዴም ከወንዙ ማዶ አድርጎ ያሳያችኋል። እዚያ ውስጥ መሪያችሁ የተረገጠው መንገድ ነው።

3. ሌንስ

ፏፏቴውን በቀትር ማየት ለዓይን እንጂ ለካሜራ አይሆንም። በቀጥታ ፀሐይ ነጩ ውሃ ይቃጠላል፣ ጥላው ይጠቁራል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ሁሉ ይጠፋል። ውሃው እንደ ሐር እንዲወርድ ከፈለጋችሁ ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው በር) ከአንድ አራተኛ ሰከንድ እስከ አንድ ሰከንድ መቆየት አለበት፤ ይህ በቀትር ብርሃን ያለ ጥቁር ፊልተር አይሆንም። ለዚህ ነው ብዙ ፎቶ አንሺ ጎህ ሲቀድ ፏፏቴው ሥር መገኘት የሚፈልገው።

4. የአፋፍ መንገደኛ

ሌንስ፣ ልክ ነህ። ግን ማለዳው አንድ ብቻ ነው። ፏፏቴው ሥር የነጋበት ሰው እንስሳቱን አጥቷል።

5. ሌንስ

እሱንም አልክድም። እንግዲያው ሁለቱን የሚያስታርቀው አቅጣጫ ነው። ካርታው ላይ ፏፏቴው ወዴት እንደሚያይ ተመልከቱ። ፊቱ ወደ ምዕራብ ከሆነ እስከ ረፋዱ ድረስ የራሱ ገደል ጥላ ስለሚሸፍነው 4:00 ሰዓት ላይም እኩል ብርሃን ታገኛላችሁ። ወደ ምሥራቅ የሚያይ ከሆነ ማለዳ ይበራል፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ ይሆናል፤ ያኔ የሸለቆ ቆይታውን ትንሽ ወደ ኋላ ግፉት። ደመናማ ቀን ከሆነ ሰዓቱ ለውጥ የለውም፤ ለፏፏቴ ደመና ጸጋ ነው።

ፖላራይዘር የሚባለው የሌንስ ፊልተር ያለው ይያዝ፤ ቀለበቱ ሲዞር እርጥቡ ድንጋይ ላይ ያለው ነጸብራቅ ይጠፋና የቅጠሉ አረንጓዴ ይወጣል። ካሜራውን የሚያጠፋው ከዝናብ ይልቅ ጤዛው ነው፤ ፏፏቴው የሚረጨው ጉም በደቂቃ ውስጥ ሌንሱን ያለብሰዋል። ፊታችሁን ወደ ፏፏቴው ከማዞራችሁ በፊት ሁሉን አስተካክሉ፣ ሌንሱን በደረቅ ጨርቅ ሸፍኑ፣ ገልጣችሁ አንሱ፣ ሸፍኑ። ሁለት ደረቅ ጨርቅ ያዙ፤ አንዱ በሦስተኛው ፎቶ ይረጥባል።

ቀስተ ደመናውን በዕድል አትጠብቁት፣ ቦታው ይታወቃል። ፀሐይዋን ጀርባችሁ ላይ አድርጉና የራሳችሁን ጥላ ተመልከቱ። የክቡ መሃል የጭንቅላታችሁ ጥላ ያረፈበት አቅጣጫ ነው፤ ቀስቱ ከዚያ በ42 ዲግሪ ዙሪያውን ይወጣል። ፀሐይዋ ከ42 ዲግሪ በላይ ከፍ ስትል ሜዳ ላይ የቆመ ሰው አያየውም። አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች ጉሙን የሚያይ ሰው ግን ያየዋል፣ አንዳንዴ ከግማሽ ክብ የሚበልጥ። ስለዚህ በቀትር ቀስተ ደመና የፈለገ ከላይ ይቁም።

6. ዱካ ፈላጊ

ከ12:40 እስከ 2:30 ቁጭ ማለት ረጅም ለሚመስለው፦ አይደለም። ሰው ሲደርስ ዙሪያው ዝም ይላል። ወፎቹ ወደ ሥራቸው እስኪመለሱ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይወስዳል፤ ትልልቆቹ ከዚያም ይዘገያሉ። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ «ምንም የለም» ብሎ የሚነሳ ሰው በሩ ሊከፈት ሲል ነው የሄደው።

ነፋሱን አስቀድሙ። ጥቂት ደረቅ አፈር ወይም የተፈረከሰ ቅጠል ከትከሻ ከፍታ ልቀቁና ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ነፋሱ ከእንስሳው ወደ እናንተ የሚመጣበትን ጎን ምረጡ። ሽታችሁ ከደረሰው መደበቁ አይረባችሁም። ከወንዝ ዳር ሸለቆዎች አንድ ጠባይ ልብ በሉ፤ ጠዋት ቀዝቃዛው አየር ወደ ታች ይፈስሳል፣ ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው ወደ ላይ ይገለበጣል። ንጋት ላይ ልክ የነበረው መቀመጫ 3:00 ሰዓት ላይ ሽታችሁን አሳልፎ ይሰጣል።

ልብስ ላይ ብዙ ይወራል። ሰኮና ያላቸው እንስሳት አብዛኞቹ ቀይና ብርቱካናማን ከአረንጓዴ አጥርተው አይለዩም፤ ሰማያዊን ግን በደንብ ያያሉ። ስለዚህ ከቀይ ሹራብ ይልቅ ጂንስ ሱሪ ያጋልጣል። ዝንጀሮና ጦጣ፣ ወፎችም፣ ቀለም ያያሉ። ከቀለሙ ሁሉ የሚበልጠው ግን እንቅስቃሴ ነው፤ እጅን ቀስ ብሎ ማንሳት ከማንኛውም ልብስ የተሻለ መሸፈኛ ነው። ማማ ወይም የተሠራ መሸሸጊያ ካለ ግቡበት፣ ከሌለ ግንድ ፊት ለፊት ተቀመጡ እንጂ ከኋላው አትደበቁ። ጀርባችሁ ከግንዱ ጋር ከተዋሃደ ቅርጻችሁ ይጠፋል፤ ከኋላ ሆናችሁ ጭንቅላት ብቅ ጥልቅ ስታደርጉ ነው የምትታዩት።

ስታማትሩ ሙሉ እንስሳ አትፈልጉ። ጆሮ ፈልጉ፣ የሚወዛወዝ ጅራት ፈልጉ፣ ቀጥ ብለው በቆሙ ግንዶች መካከል አግድም የተዘረጋ መስመር ፈልጉ፤ እሱ ጀርባ ነው። ዓይናችሁ ማንበብ የለመደው ከግራ ወደ ቀኝ ስለሆነ እየዘለለ ያልፋል። ከቀኝ ወደ ግራ ስታማትሩ ይዘገያል፣ የዘለለውንም ያገኛል።

መሬቱንም አንብቡ። ጠርዙ የሰላ፣ ውስጡ እርጥብ ኮቴ የዛሬ ነው። ጠርዙ የተሸረፈ፣ ቅጠል የገባበት የቆየ ነው። የውሻ ወገንና የጅብ ዱካ ጥፍሩን ያሳያል፤ ነብር ግን ጥፍሩን ሰብስቦ ስለሚራመድ ዱካው ላይ ጥፍር የለም። ነጭ፣ እንደ ኖራ የደረቀ ኩስ ካያችሁ አጥንት የሚበላው ጅብ ነው።

ርቀት፦ አሜሪካ ባለው በየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ሕጉ ከድብና ከተኩላ 91 ሜትር፣ ከሌሎቹ እንስሳት ቢያንስ 23 ሜትር ነው። ቁጥር ለሌለበት ቦታ መለኪያው ራሱ እንስሳው ነው። መብላቱን አቁሞ ቀና ካለ፣ ሁለቱን ጆሮዎቹን ወደ እናንተ ካቀና፣ መሬት በእግሩ ከመታ፣ ቀርባችኋል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። እስኪሮጥ አትጠብቁ፤ ማለዳ የበላው እየሮጠ የሚያጠፋው ጉልበት ነው። የወፍ ድምፅ በስልክ እያጫወቱ መጥራትም በጎጆ ወቅት ወላጁን ከጫጩቶቹ ይነጥላል፤ አታድርጉት።

7. ቀስ በቀስ

ልጆችና በዕድሜ የገፉ ወላጆች ይዘው ለሚሄዱ ጥቂት ነገር ልጨምር። የቡድኑን ፍጥነት የሚወስነው የመጨረሻው ሰው ነው፤ ስለዚህ እሱን ከፊት አድርጉት። ከኋላ ከሆነ ሌሎቹ ቆመው ጠብቀው እሱ ሲደርስ ይነሳሉ፣ እረፍት የሚያጣው የደከመው ይሆናል።

ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናቶችና አባቶች ሁለት ምርኩዝ ከአንድ ይሻላል። በሜዳ ቁመቱ ክንድ ሲታጠፍ ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚሠራበት ልክ ነው፤ ለቁልቁለት 5 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ይርዘም። እርምጃ ማሳጠር፣ ቀጥታ ከመውረድ ጠመዝማዛ መሄድ፣ ጉልበቱን ፈጽሞ ሳይገትሩ ማረፍ። የጫማውን የላይኛውን ክር ከመውረዳችሁ በፊት ጠበቅ አድርጉት፤ እግር ወደ ፊት ተንሸራትቶ ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር ሲጋጭ የሚጠቁረው ጥፍር ከዚህ የሚመጣ ነው።

ልጅ አንገቱ ላይ ፊሽካ ይንጠልጠል። ሁለት ነገር ብቻ አስተምሩት፦ ከጠፋህ ካለህበት አትንቀሳቀስ፣ ሦስት ጊዜ ንፋ። አፋፍና ውሃ ዳር ላይ ለአንድ ልጅ አንድ አዋቂ፣ ስም ተጠርቶ። «ሁላችንም እናያለን» ማለት ማንም አላየም ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ፏፏቴው ሥር ያለው ኩሬ ውስጥ ልጆች ይግቡ ወይስ አይግቡ? እዚህ ሁልጊዜ ክርክር አለው።

8. ወንዝ ዳር

ቀስ በቀስ፣ መልሱ በብዙው ቦታ «አይግቡ» ነው። ምክንያቱን ልዘርዝር፣ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ክልከላውን አያከብርምና።

ፏፏቴው የሚያርፍበት ቦታ ነጭ ሆኖ የሚታየው ውሃው በአየር አረፋ ስለተሞላ ነው። አረፋ የሞላበት ውሃ ሰው አይሸከምም፤ ዋናተኛም ቢሆን ይሰምጣል። በዚያ ላይ ከላይ የሚወርደው ውሃ ወደ ታች ገፍቶ፣ ከሥር ተመልሶ፣ ላይ ላዩን ወደ ፏፏቴው ይስባል፤ አዙሪቱ የገባውን መልሶ መልሶ ወደሚወርደው ውሃ ሥር ይወስደዋል። ከላይ ደግሞ ውሃው ድንጋይና ግንድ ያመጣል። ከመጋረጃው ሥር መቆም ለፎቶ ያምራል፣ ግን የሚወርደው ውሃ ብቻ አይደለም።

ከፏፏቴው በላይ ያለው ወንዝ የባሰ ነው። ጸጥ ብሎ፣ ቁርጭምጭሚት የማይሞላ መስሎ ይታያል። አንድ ስንዝር የማይሞላ ፈጣን ውሃ አዋቂ ሰው ይጥላል፤ ድንጋዩ ላይ ያለው አረንጓዴ ሽፋን ደግሞ እንደ ሳሙና ነው። እዚያ የወደቀ ሰው የሚይዘው ነገር የለም። ከአፋፉ በላይ እግር መታጠብም፣ ወዲያ ማዶ መሻገርም አይገባም። ድንጋዩ ደረቅ ሲመስልም ጉሙ የሚደርስበት ሁሉ እርጥብ ነው ብላችሁ ቁጠሩ፤ ጥቁር የሆነው ድንጋይ ከግራጫው ይበልጥ ያንሸራትታል።

ደራሽ ውሃ። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጥርት ብሎ ከላይ ተራራው ላይ ዘንቦ ሊሆን ይችላል። ምልክቶቹ በዚህ ቅደም ተከተል ባይመጡም እነዚህ ናቸው፦ ንጹሑ ውሃ ይደፈርሳል፣ ቅጠልና ጭራሮ መንሳፈፍ ይጀምራል፣ ደረቅ የነበረው ድንጋይ ይረጥባል፣ ድምፁ ይወፍራል። ስትደርሱ ውሃው ዳር አንድ ድንጋይ ምረጡና የውሃውን ልክ አስታውሱ፤ በየአሥር ደቂቃው ዞር ብላችሁ እዩት። ከፍ ካለ ቦርሳ ሳትሰበስቡ ወደ ጎን፣ ወደ ዳገቱ ውጡ። በወንዙ መስመር ወደ ታች የሚሮጥ ሰው ከውሃው አይፈጥንም።

ስለ ኩሬው አንድ ተጨማሪ፦ ዳር ዳሩ ያለው፣ ቀስ የሚለው ሞቃት ውሃ በብዙ ሞቃታማ አገሮች የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ ያለበት ነው። ለመያዝ መዋኘት አያስፈልግም፤ እግር መንከር ይበቃል። ከፏፏቴ የቀዳችሁትንም ሳታፈሉ አትጠጡ። ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ 3 ደቂቃ ይንተክተክ። አልቅትም በዚህ መንገድ ነው አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ የሚገባው።

9. ዱካ ፈላጊ

ወንዝ ዳር ካለው ላይ አንድ ልጨምር። የፏፏቴው ድምፅ የእናንተን ጆሮ ብቻ ሳይሆን የእንስሳውንም ይደፍናል። ሜዳ ላይ ጎሽ ወይም ድብ ከሩቅ ሰምቷችሁ ዞር ይላል፤ ፏፏቴው አጠገብ ግን አፍንጫው ሥር እስክትደርሱ አያውቅም። የደነገጠ እንስሳ ደግሞ ሸሽቶ ሳይሆን ተጋፍቶ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ወደ ውሃው በምትጠጉበት ጥምዝምዝ መንገድ ላይ፣ ከማያው ቦታው በተቃራኒ፣ ድምፅ አውጡ። እጅ አጨብጭቡ፣ ተነጋገሩ።

ጉማሬ ያለበት ወንዝ ከሆነ የዋናውን ዕቅድ 12 ሰዓት መነሻ ላይ አስተውሉ። ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ ሣር ይግጣል፣ ሲነጋ ወደ ውሃው ይመለሳል። በእሱና በውሃው መካከል መቆም ከሁሉ የከፋው ቦታ ነው። እዚያ የወንዝ ዳሩ መንገድ ሙሉ ለሙሉ እስኪነጋ ይቆይ። አዞ ያለበት ከሆነ ደግሞ ከውሃው ጠርዝ ራቁ፤ ተደጋግሞ አንድ ቦታ ላይ ውሃ መቅዳትም አይበጅም።

10. ፋሻ

ቦርሳው ውስጥ ምን ይያዝ የሚለውን ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እኔ በብዛት የሚያጋጥመውን ብቻ። ለአዋቂ ለቀኑ 3 ሊትር ውሃ፣ ጨው ካለው መክሰስ ጋር። ውሃ ብቻ እየጠጡ ጨው ያጡ ሰዎች ራስ ምታቱን ጥም መስሏቸው የበለጠ ይጠጣሉ፣ ይብስባቸዋል።

እግር ውሃ የሚቋጥረው በድንገት አይደለም። መጀመሪያ አንድ ቦታ ይሞቃል፣ ይለበልባል። ያን ጊዜ ቁሙ። «አፋፉ ላይ ስንደርስ አየዋለሁ» ካላችሁ አፋፉ ላይ የምታዩት የተቋጠረ ውሃ ነው። ካልሲውን አውልቁ፣ አሸዋውን አራግፉ፣ ቆዳውን አድርቁ፣ ፕላስተሩን ሳይጨማደድ ለጥፉ። የጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ስለሚቆይ ሱፍ ወይም ሱፍ የተቀላቀለበት ይሻላል፤ ሁለተኛ ደረቅ ጥንድም ለመመለሻው። ጫማው አዲስ አይሁን።

ንብ። ከፏፏቴ ጋር ብዙ ሰው አያያይዘውም፣ ግን የገደል ንቃቃት መንጋው የሚወደው ቤት ነው። ገደሉ ላይ ጥቁር የሚንቀሳቀስ ነጠብጣብ ወይም ተንጠልጣይ ማር እንጀራ ካያችሁ ሥሩ አትቁሙ፣ አትጩኹ፣ ሽቶም አትቀቡ። ከመጡ ፊታችሁን በልብስ ሸፍናችሁ በቀጥታ ሩጡ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ወይም ዝግ ቦታ እስክትገቡ አትቁሙ። ውሃ ውስጥ መዝለል አያድንም፤ ላይ እስክትወጡ ይጠብቋችኋል። እሾኹን በጥፍርም በካርድም ቢሆን ወዲያው ንቀሉት፤ ከአነቃቀሉ ይልቅ ፍጥነቱ ነው ዋናው። ከንፈሩ ያበጠ ወይም መተንፈስ ያቃተው ሰው ካለ ያ ቀን ጉዞው አልቋል፣ በቀጥታ ሐኪም ቤት።

እባብ ከነደፈ መቁረጥ፣ መምጠጥ፣ በገመድ አጥብቆ ማሰር ሁሉም ይጎዳል። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ የተነደፈውን እግር እንደ ተሰበረ አጥንት በዘንግ ደግፋችሁ አታንቀሳቅሱት፣ ሰውየውን ተሸክማችሁ ውሰዱ። ድንጋይ ላይ ስትወጡ ያላያችሁበት ቦታ እጅ አታስገቡ።

ጦጣ፣ ዝንጀሮ፣ ውሻ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ያኔውኑ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሂዱ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ ማደር የለም። ምግብ ባያዩ ኖሮ አይቀርቡም ነበር፤ ላስቲክ ኮሽ ማለቱ ራሱ ጥሪ ነው።

11. ካርታ ያዥ

ወቅቱን ማንም አላነሳውም፣ ከሰዓቱ ቀጥሎ የሚመጣው እሱ ነው። ፏፏቴና እንስሳት የሚፈልጉት ወቅት ተቃራኒ ነው። ውሃው የሚሞላው በዝናቡ ጊዜና ወዲያው በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ሣሩ ቁመት አለው፣ ውሃ በየቦታው ስለሚገኝ እንስሳቱ ይበተናሉ። በበጋው መጨረሻ ደግሞ ሣሩ አጥሮ እንስሳቱ ቀሪዎቹ ውሃዎች ላይ ይሰበሰባሉ፣ ፏፏቴው ግን ክር ይሆናል። ሁለቱንም በአንድ ቀን ለሚፈልግ ዝናቡ ካቆመ አንድ ወር፣ አንድ ወር ተኩል በኋላ ያለው ጊዜ ይሻላል። መንገዱም ደርቋል፣ ውሃውም አልወደቀም።

ወንዙ ትልቅ ከሆነ ግን ሙላቱ ከዝናቡ ይዘገያል። በደቡባዊ አፍሪካ ያለው የቪክቶሪያ ፏፏቴ፣ 1708 ሜትር ስፋትና 108 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ከፍተኛ ሙላቱ ሚያዝያ ላይ ነው፤ እዚያው አካባቢ ዝናቡ በዋናነት አልቋል፣ ውሃው ግን ከሩቅ ነው የሚመጣው። ያን ጊዜ ጉሙ ከመብዛቱ የተነሳ ፏፏቴው ራሱ ይጋረዳል። የበዛ ውሃ ሁልጊዜ የተሻለ ዕይታ አይደለም።

ሌላው፦ ከላይ የኃይል ማመንጫ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ናያግራ ላይ በ1950 እ.ኤ.አ. አሜሪካና ካናዳ በተፈራረሙት ውል መሠረት በጎብኚ ወቅት ቀን ቀን በሰከንድ ቢያንስ 2832 ሜትር ኩብ ውሃ ይለቀቃል፣ ሌሊትና ከጎብኚ ወቅት ውጭ ግማሹ ይበቃል። ጢስ ዓባይም ከወንዙ ወደ ማመንጫዎቹ የሚወሰድ ውሃ ስላለ የፏፏቴው መጠን በዝናቡ ብቻ አይወሰንም። እንዲህ ዓይነት ቦታ ለመሄድ ለአካባቢው አስጎብኚዎች ከአንድ ቀን በፊት ደውሎ «ውሃው ተለቋል ወይ?» ማለት ሙሉ ቀን ያድናል።

12. ጀማሪ ተጓዥ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት አጭር ጥያቄ፦ ባይናኩላር (ሩቅ አቅራቢ መነጽር) ላይ የተጻፈው 8×42 ወይም 10×42 ምንድን ነው፣ የቱ ይሻላል? መንገድ ላይ ነጎድጓድ ቢመጣስ?

13. ዱካ ፈላጊ

ወዳጄ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊተኛው መስተዋት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍለው፤ 8×42 5.25፣ 10×42 ደግሞ 4.2 ይሰጣል። ይህ ወደ ዓይንህ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው፤ ንጋትና ምሽት ላይ የሚበልጠው ያሸንፋል። 10 እጥፍ የእጅህን መንቀጥቀጥም 10 እጥፍ ያደርገዋል። ለዚህ ዓይነት ቀን 8×42 ይበቃል።

ስትገዛው ወይም ስትዋሰው አስተካክለው። የቀኙን ሸፍነህ በመሃሉ ጎማ የግራ ዓይንህን አጥራ፣ ቀጥሎ የግራውን ሸፍነህ የቀኙን ዓይን በራሱ ቀለበት አጥራ። ይህን ሳያደርጉ ነው ብዙዎች «ራሴን አመመኝ» ብለው የሚተዉት። እንስሳው ላይ ለማነጣጠር ዓይንህን ከእንስሳው ሳታነሳ ባይናኩላሩን ወደ ዓይንህ አምጣው፤ ወደ ታች አይተህ ካነሳኸው ቦታው ይጠፋሃል።

14. ካርታ ያዥ

ስለ ነጎድጓዱ፦ መብረቁን ካየህ ጀምሮ ድምፁ እስኪሰማ በሰከንድ ቁጠር፣ ለሦስት አካፍል፤ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ነው። 30 ካልሞላ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነህ። ከአፋፉ፣ ከብቻው ከቆመ ዛፍና ከውሃ ራቅ፤ ቡድኑ ተበታትኖ ይቁም። የመጨረሻውን ድምፅ ከሰማህ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትነሳ። ሸለቆ ውስጥ ከሆንክ ደግሞ ወንዝ ዳር የጻፈውን የድንጋይ ምልክት ያኔ ነው አትኩረህ የምታየው።

15. ወንዝ ዳር

በመጨረሻ፣ መንገዱ ጅረት የሚያሻግር ከሆነ ይህን አድርጉ። ሰፊውን ቦታ ምረጡ፤ ጠባቡ ጥልቅና ፈጣን ነው። ከሥሩ ፏፏቴ ወይም የወደቀ ግንድ ካለ እዚያ አትሻገሩ። ጫማችሁን አታውልቁ፣ ካልሲውን ግን አውልቃችሁ ደረቅ አኑሩት። የቦርሳውን የወገብና የደረት ማሰሪያ ፍቱ፤ ብትወድቁ መጣል እንድትችሉ ነው። ፊታችሁን ውሃው ወደሚመጣበት አዙራችሁ፣ ምርኩዙን ከፊት ተክላችሁ፣ ወደ ጎን እየተጎተታችሁ ሂዱ፤ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይነሳ፣ ወይ አንድ እግር ወይ ምርኩዙ። ምርኩዙ በውሃው ጉልበት እየተንቀጠቀጠ መሬት ካልያዘ ተመለሱ።